የላይኛው ሌየር የማን ነው? በአይፎን አይኮኖች ላይ ይደረብ የነበረው አንጸባራቂ ብርሃን፤ የጉዳይ ጥናት

አፕል የመጀመሪያውን አይፎን በጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ለሕዝብ ሲያሳይ፣ በመነሻ ገጹ ላይ ከተደረደሩት ትንንሽ ሥዕሎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ጌጥ ነበራቸው፤ ማዕዘናቸው የተከበበ፣ የላይኛው ግማሻቸው ከታችኛው የፈካ ሲሆን በሁለቱ መካከልም ጥርት ያለ ቅስት ያልፍ ነበር። የስልክ መደወያውንና የአጭር መልእክቱን አረንጓዴ አይኮኖች የሚያስታውስ ሰው ይህን መልክ አይረሳውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በጁላይ 2008 አፕ ስቶር ተከፍቶ ሌሎች ሠሪዎችም አፖቻቸውን ማቅረብ ሲጀምሩ፣ ያ ጌጥ የዲዛይነሩ ሥራ መሆኑ ቀረ። ዲዛይነሩ 57 በ57 ፒክሰል የሆነ ጠርዘ ቀጥ ካሬ ሥዕል ያስረክባል፤ ማዕዘኑን የሚያከብበው፣ ከሥሩ ጥላ የሚያሳርፍበት፣ ከላይም አንጸባራቂውን ብርሃን የሚደርብበት ስልኩ ራሱ ነበር። አሠራሩ አይኦኤስ 7 (የአይፎን ሥርዓተ ክወና ሰባተኛ እትም) እስከወጣበት እስከ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2013 ድረስ ቆይቷል።

ይህን ጉዳይ የመረጥሁት፣ በሌየር (በላይ በላይ በሚደረቡ የሥዕል ሽፋኖች) እና በብሌንድ ሞድ (ሽፋኑ ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር በሚዋሃድበት ስሌት) ያጌጠ አይኮን መሥራት የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው የእጅ ሥራውን ብቻ በመሆኑ ነው። ነጩን ክብ እዚህ አስቀምጥ፣ ኦፓሲቲውን (የሽፋኑን ድፍንነት) ወደዚህ ዝቅ አድርግ፣ ሞዱን ወደ ኦቨርሌይ ቀይር ይባላል። የትኛው ሌየር በማን እጅ እንዳለና እስከ መቼ ተለይቶ መቆየት እንደሚገባው ግን እምብዛም አይነገረውም። የአይፎኑ አንጸባራቂ ሽፋን ይህን ጥያቄ ከአምስት ዓመት በላይ በገሃድ ያቆየ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ሌየር ከዲዛይነሩ ፋይል ውጭ፣ ሊያየውም ሊነካውም በማይችልበት ቦታ ነበር። እኔ የምከራከርለት ነጥብ ብርሃን፣ ጥላና ነጸብራቅ የጌጥ ሌየሮች እንጂ የሥዕሉ አካል ስላልሆኑ፣ ከሥዕሉ ጋር መዋሃድ ያለባቸው በመጨረሻው ሰዓት፣ ያውም በቅጂ ላይ ነው የሚል ነው።

ጌጡ ከየት መጣ

አንዱን ምስል በሌላው ላይ በከፊል እያሳዩ የመደረብ ሒሳብ በኮምፒውተር ግራፊክስ ዓለም የታወቀ ሥርዓት የያዘው ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ሌየር ለተራው ዲዛይነር የደረሰው የምስል ማዘጋጃው ፕሮግራም ፎቶሾፕ 3.0 በ1994 ሲወጣ ሲሆን፣ ጥላንና የጠርዝ ፍካትን ሥዕሉን ሳይነኩ በቁጥር ማስተካከል የሚያስችሉት የሌየር ኢፌክቶች ደግሞ በ1998 ከ5.0 ጋር መጡ። ከዚህ በኋላ አንጸባራቂ አይኮን ለመሥራት መሣሪያው ሁሉ ተሟልቶ ነበር፤ የጎደለው ፋሽኑ ነበር።

ፋሽኑን ያመጣው አኳ የተባለው የማክ ኦኤስ ኤክስ (የአፕል ኮምፒውተሮች ሥርዓተ ክወና) ገጽታ ነው። ስቲቭ ጆብስ በጃንዋሪ 5 ቀን 2000 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተደረገው የማክወርልድ ጉባኤ ሲያስተዋውቀው፣ ከዲዛይኑ ግቦች አንዱ ያየው ሰው ሊልሰው እንዲመኝ ማድረግ እንደነበረ ተናግሯል። አይኮኖቹ እስከ 128 በ128 ፒክሰል ስለሚደርሱ፣ በ32 በ32 ዘመን ቦታ ያልነበራቸው ለስላሳ ጥላዎችና ግራዲየንቶች (ቀስ በቀስ የሚለወጡ ቀለሞች) ቦታ አገኙ። የዚያን ጊዜ የድረ ገጽ ሠሪ ሁሉ ሰማያዊ የጄል ቁልፍ ለመሥራት የተጣደፈው ከዚህ የተነሣ ነው። አሠራሩም በመሠረቱ አራት ሌየር ነበር፤ ከታች ከደማቅ ወደ ፈዛዛ የሚሄድ ግራዲየንት፣ በላዩ ዙሪያውን የሚያጠቁር ውስጣዊ ጥላ፣ ከዚያ በላይኛው ግማሽ ነጭ ሞላላ፣ ከቁልፉ ሥር ደግሞ የቁልፉን ቀለም የወሰደ ጥላ። አይፎን ይህን ልማድ ወርሶ ሦስተኛውን ሌየር፣ ነጩን ሞላላ፣ የራሱ አደረገው።

በስልኩ ውስጥ ይሆን የነበረው

ብርሃኑ በቅርጹ ከአይኮኑ በላይ የተቀመጠ ትልቅ ክብ የታችኛው ቅስት ነበር፤ ስለዚህ ጠርዙ በአይኮኑ መሐል ዝቅ ይልና ወደ ጎኖቹ ከፍ ይላል። ከቅስቱ በላይ ያለው ሁሉ ነጣ ይላል፣ ከቅስቱ በታች ያለው እንደነበረ ይቆያል። ስልኩ ሥዕሉ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ፊት ይሁን፣ ፊደል ይሁን፣ የመጽሐፍ ሽፋን ይሁን፣ ፎቶ ላይ እንደሚለጠፍ ላሚኔት አንዱን ሽፋን በሁሉም ላይ ያለብሳል።

መውጫ መንገድ ግን ነበር። በአፑ የመረጃ ፋይል ውስጥ «ዩአይ ፕሪሬንደርድ አይኮን» የሚባል አንድ መስመር አለ፤ ሠሪው እሱን «አዎ» ብሎ ከሞላ ስልኩ ብርሃኑን አይደርብም፤ ማዕዘኑን ማክበቡ ግን አይቀርም። ወደ መነሻ ገጽ ለሚጨመሩ ድረ ገጾችም እንዲሁ በአይኮኑ ስም ላይ «ፕሪኮምፖዝድ» የሚል ቃል ማከል ይበቃ ነበር። ሁለቱም ቃላት የሚሉት አንድ ነው፤ ይህ ሥዕል አስቀድሞ የተዘጋጀ ስለሆነ አትንኩብኝ። አፕል ራሱ ለሁሉም አንድ ሚዛን አልተጠቀመም፤ የካላንደሩና የማስታወሻው አይኮኖች ወረቀት መምሰል ስለነበረባቸው አንጸባራቂው አልተደረበባቸውም። ወረቀት አያብረቀርቅማ።

በተግባር የሆነው ነገር ታዲያ ይበልጥ አስገራሚ ነው። ብዙ ዲዛይነሮች የስልኩን ብርሃን አጥፍተው የራሳቸውን ብርሃን ሣሉ። የላይኛውን ሌየር ከስልኩ ወስደው መልሰው እሱኑ መሰል ሌየር አኖሩ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ኦፓሲቲውን፣ ቅስቱንና ብሌንድ ሞዱን ራሳቸው መወሰናቸው ነበር። ይህ ከንቱ ድካም አልነበረም፤ ለምን እንዳልነበረ የሚታየው በቁጥር ሲሰላ ነው።

አንድ አይኮን በቅርበት

ለማሳያ አንድ አይኮን ልውሰድ። መደቡ በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቻነል (ቀለሙ በተሠራባቸው፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 በሚለኩ ሦስት ክፍሎች) 0፣ 120፣ 60 የሆነ ጥልቅ አረንጓዴ ነው፤ በላዩ ነጭ የ«ቶ» ፊደል ተቀምጧል። ፊደሉን የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው፤ «ቶ» ከ«ተ» የምትለየው አናቷ ላይ ባለችው ትንሽ ቀለበት ስለሆነ፣ በ57 ፒክሰል ካሬ ውስጥ ፊደሉ 36 ፒክሰል ያህል ቁመት ቢኖረው ያቺ ቀለበት ሰባት ፒክሰል ያህል፣ ቀዳዳዋ ደግሞ ሦስት ፒክሰል ያህል ብትሆን ነው። የምትቀመጠውም በትክክል ብርሃኑ በሚያርፍበት በላይኛው ግማሽ ነው። ስሌቱ እንዲቀል የብርሃኑን ሌየር ወጥ ነጭ፣ ኦፓሲቲውን 40 በመቶ አድርጌዋለሁ፤ ቁጥሩ የእኔ እንጂ የአፕል አይደለም።

በመጀመሪያ ነጩን ሌየር በኖርማል ሞድ እንደርበው። እያንዳንዱ ቻነል የራሱን 60 በመቶና የነጩን 40 በመቶ ይይዛል፤ ነጩ 255 ስለሆነ በሁሉም ላይ 102 ይጨመራል ማለት ነው። ስለዚህ 0 የነበረው 102፣ 120 የነበረው 174፣ 60 የነበረው 138 ይሆናል። ጥልቁ አረንጓዴ የታጠበ፣ ወደ ግራጫ ያደላ ቀለም ሆነ። ነጩ ፊደል ግን ነጭ ላይ ነጭ ቢደረብ ለውጥ ስለሌለ እንደነበረ ይቆያል። በነጩና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ንጽጽር በድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ቀመር ሲሰላ ከብርሃኑ በፊት 5.6 ለ1 ነበር፤ ከብርሃኑ በኋላ ወደ 2.6 ለ1 ይወርዳል። በ2018 የወጣው የዚሁ መመሪያ 2.1 እትም ትርጉም ላላቸው ሥዕሎች የሚጠይቀው ዝቅተኛ ልክ 3 ለ1 ነው። የቀለበቷ ቀዳዳ ፈዞ ከጠርዟ ጋር ሊመሳሰል ምንም አይቀረውም፤ ያኔ የተጠቃሚው ዓይን «ቶ»ን ከ«ተ» የሚለይበትን ምልክት ያጣል።

አሁን ያንኑ ነጭ፣ ያንኑ 40 በመቶ ይዘን ሞዱን ብቻ ወደ ኦቨርሌይ እንቀይር። ኦቨርሌይ የሚጠይቀው ከሥር ያለውን ቀለም ነው፤ ከሥር ያለው ቻነል ከመካከለኛው ልክ በታች ከሆነ ነጭ ሲደረብበት እጥፍ ይሆናል፣ በላይ ከሆነ 255 ይደርሳል። 0 እጥፉም 0 ነው፤ 120 ወደ 240፣ 60 ወደ 120 ይሄዳሉ፤ ከዚህ 40 በመቶውን ብቻ ስንወስድ ውጤቱ 0፣ 168፣ 84 ይሆናል። ይህ የፈካ አረንጓዴ ነው እንጂ የታጠበ አረንጓዴ አይደለም፤ ቀይ ቻነሉ ከዜሮ አልተነቃነቀም። ንጽጽሩም 3.1 ለ1 ያህል ሆኖ ከልኩ በላይ ይቀራል። በሐረግ ጌጥ የሚሠሩ ሰዎች ቀዩን ወስደው ቢሞክሩት ልዩነቱ ይብሳል፤ 170፣ 30፣ 30 የሆነ ቀይ በኖርማል ሞድ 204፣ 120፣ 120 ሆኖ ሮዝ ይሆንባቸዋል፤ በኦቨርሌይ ግን 204፣ 42፣ 42 ሆኖ ቀይነቱን ሳይለቅ ይደምቃል።

እግረ መንገዴን አንድ የተለመደ ስሕተት ልጥቀስ። ብርሃን ሲሆን ስክሪን የተባለውን የሚያፈካ ሞድ፣ ጥላ ሲሆን መልቲፕላይ የተባለውን የሚያጠቁር ሞድ ተጠቀም የሚለው ምክር በየመማሪያው አለ፤ ሌየሩ ንጹሕ ነጭ ከሆነ ግን ስክሪንና ኖርማል በአሃዝ ፍጹም አንድ ናቸው፣ ሌየሩ ንጹሕ ጥቁር ከሆነም መልቲፕላይና ኖርማል እንደዚሁ። ነጩን ስክሪን አድርጎ «አሁን አበራ» የሚል ሰው ምንም አልቀየረም። ልዩነት የሚመጣው የሌየሩ ቀለም ከነጭ ወይም ከጥቁር ሲወጣ ነው፤ ለምሳሌ ጥላውን በጥቁር ፈንታ በጥልቅ አረንጓዴ ሠርቶ መልቲፕላይ ማድረግ፣ ወይም ብርሃኑን ወደ ቢጫ አስጠግቶ ስክሪን ማድረግ።

ወደ ስልኩ ስንመለስ፣ ሁለት ነገሮች ከዚህ ስሌት ይከተላሉ። የመጀመሪያው የሌየር ቅደም ተከተል ነው። ፊደሉ ከመደቡ ጎልቶ እንዲታይ ከሥሩ ቀጭን ጥላ ማድረግ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ጥላው 0፣ 60፣ 30 ቢሆን በአረንጓዴው ቻነል ከመደቡ በ60 ነጥብ ይርቃል። በራሳችን ፋይል ውስጥ ቢሆን ጥላውን ከብርሃኑ በላይ፣ ከፊደሉ በታች አስቀምጠን ሙሉ ጉልበቱን እናስጠብቅለት ነበር። የስልኩ ብርሃን ግን ከሁሉም በላይ ስለሚመጣ ጥላውንም ያነጣዋል፤ 60 ወደ 138 ይወጣል፣ መደቡ 174 ላይ ነው፣ ርቀታቸው 36 ብቻ ይቀራል። ደንቡ ቀላል ነው፤ 40 በመቶ ነጭ በኖርማል ሞድ ከላይ ከተደረበ፣ ከሥሩ ያለ ማንኛውም ልዩነት 60 በመቶው ብቻ ይተርፋል። የጥላውን ኦፓሲቲ መጨመር ጥቂት ይረዳ እንደሆነ እንጂ የቦታውን ስሕተት አያርመውም።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። አንዳንዱ ሠሪ ስልኩ እንደሚያነጣበት አውቆ የሥዕሉን የላይኛ ግማሽ አስቀድሞ ያጠቁረዋል፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት የሚፈልገው ቀለም እንዲወጣ ነው። ሒሳቡን ወደ ኋላ እንሥራው፤ በአረንጓዴው ቻነል 168 እንዲወጣ ከሥር 110 ማስቀመጥ ይበቃል። በቀዩ ቻነል 0 እንዲወጣ ከሥር ሊቀመጥ የሚገባው ቁጥር ግን −170 ነው፤ እንዲህ ያለ ቀለም የለም። 40 በመቶ ነጭ በተደረበበት ቦታ ሁሉ የትኛውም ቻነል ከ102 በታች ሊወርድ አይችልም። ጥልቅና ጥርት ያለ ቀለም በዚያ ግማሽ ውስጥ በምንም ብልሃት አይገኝም ማለት ነው። ብርሃኑን አጥፍተው የራሳቸውን ብርሃን የሣሉት ሰዎች ይህን ስሌት በወረቀት ባይሠሩትም በዓይናቸው ደርሰውበታል።

ፋይሉ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሲሻገር

የራስን ብርሃን መሣል የራሱ ጣጣ ነበረው። ፎቶሾፕ መግዛት ያልቻለ፣ ወይም በመርሕ ነጻ ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው በጊምፕ ይሠራ ነበር፤ ጊምፕ የፎቶሾፕን ፋይል ከነሌየሩና ከነሞዱ ይከፍታል። ነገር ግን እስከ 2.8 ድረስ በነበሩት እትሞች ኦቨርሌይ ተብሎ የተቀመጠው ሞድ በውስጡ የሶፍት ላይትን (ከኦቨርሌይ የሚለሰልስ ሌላ ሞድ) ቀመር ይሠራ ነበር፤ ይህ የቆየ ስሕተት የታረመው በ2018 በወጣው 2.10 ነው። በእኛ «ቶ» ላይ ስናሰላው፣ በፎቶሾፕ 168 የሚሆነው የአረንጓዴ ቻነል በአሮጌው ጊምፕ 145 ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ሰዎች «ኦቨርሌይ፣ 40 በመቶ» ብለው አንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ በስክሪናቸው ላይ ግን ሁለት አረንጓዴ አለ። አንዱ የሌላውን ስክሪን ካሊብሬት አልተደረገም (ቀለሙ በልክ አልተስተካከለም) ብሎ ቢወቅሰው አይገርምም።

ከዚህ የሚወጣው የሥራ ልማድ፣ ፋይሉን ከነሌየሩ ለሌላ ሰው የሚያስተላልፍ ዲዛይነር የተዋሃደ የፒኤንጂ (ሌየር የሌለው የምስል ፋይል) ቅጂ አብሮ መላክ አለበት የሚል ነው። ቅጂው ለሥራ አይደለም፤ ተቀባዩ የእሱ ፕሮግራም ሌየሮቹን በትክክል እንዳዋሃደ የሚያመሳክርበት ነው።

ትልልቆቹ ስክሪኖችና የ2013ቱ ለውጥ

በ2010 ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። በኤፕሪል አይፓድ 72 በ72 ፒክሰል አይኮን ጠየቀ፤ በጁን አይፎን 4 የስክሪኑን ፒክሰል በሁለቱም አቅጣጫ እጥፍ አድርጎ 114 በ114 ጠየቀ። ስልኩ የራሱን ብርሃን ለየመጠኑ ራሱ ስለሚያዘጋጅ፣ አንጸባራቂውን ለስልኩ የተዉት ሰዎች ሥዕሉን ብቻ አሳድገው ተገላገሉ። የራሳቸውን ብርሃን ከሣሉት መካከል ነጩን ቅስት በቬክተር (በሒሳብ መስመር የተሠራ፣ ሲያድግ የማይደበዝዝ) ቅርጽ፣ ፍካቱንም በግራዲየንት ማስክ (ሌየሩን ቀስ በቀስ በሚሸፍን መከለያ) የሠሩት ፋይሉን አሳድገው ጠርዙ ጥርት ብሎ አገኙት። ሌየሮቹን መርጅ አድርገው (አንድ ላይ አዋሕደው) 57 ፒክሰሏን ፒኤንጂ ብቻ ያስቀሩት ግን እንደገና ከመሣል ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ የደበዘዘ ቅስት በዚያ ጥርት ያለ ስክሪን ላይ ከሩቅ ይጋለጣል።

ቬክተር የተጠቀሙትም ቢሆን አንድ ወጥመድ ነበረባቸው። በፎቶሾፕ የምስሉን መጠን መቀየሪያ መስኮት ላይ የሌየር ስታይሎችን (ጥላን የመሰሉትን የሌየር ኢፌክቶች) አብሮ የሚያሳድግ ምልክት ማድረጊያ አለ። እሱ ካልተመረጠ ሥዕሉ እጥፍ ሲያድግ የጥላው ርቀትና ልስላሴ በነበሩበት ፒክሰል ይቀራሉ፤ ባለ ሁለት ፒክሰል ጥላ በ114ቱ አይኮን ላይም ሁለት ፒክሰል ሆኖ ግማሽ ያህል ብቻ ይታያል። ሁለቱን አይኮኖች ጎን ለጎን ካላስቀመጡ የሚታወቅ ነገር አይደለም።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በ2013 ነው። በኦክቶበር 2012 የአይኦኤስ ኃላፊ የነበረው ስኮት ፎርስታል ከአፕል እንደሚወጣ ሲገለጽ፣ የሶፍትዌሩን ገጽታ የመምራቱ ሥራ የአፕል የዲዛይን ኃላፊ ለነበረው ለጆኒ አይቭ ተሰጠ። በጁን 10 ቀን 2013 የታየው አይኦኤስ 7 አንጸባራቂውንም፣ የአይኮን ጥላውንም አነሣ፤ የማዕዘኑን ኩርባ ለወጠ፣ የአይፎን አይኮንን ወደ 120 በ120 ፒክሰል አሳደገ። ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ወደ አፕ ስቶር የሚገባ አዲስ አፕና ማሻሻያ ሁሉ ለአይኦኤስ 7 የተዘጋጀ እንዲሆን ታዘዘ።

በዚህ ቀን ማን ምን እንደደረሰበት የሚወስነው የሌየሩ አያያዝ ነበር። ብርሃኑን ለስልኩ ትቶ የነበረው ሠሪ አይኮኑ በአንድ ሌሊት ያለ እሱ ጥረት ጠፍጣፋ ሆነለት፤ በነዚያ ዓመታት የተማረረበት ሽፋን በራሱ ተነሣለት። ከነዚህ ውስጥ ግን የላይኛውን ግማሽ አስቀድሞ ያጠቆረው ሰው ነጩ ሲነሣ ጥቁሩ ብቻ ቀረበት፤ ብርሃን ከታች የመጣ የሚመስል፣ አናቱ የጠለሸ አይኮን። የራሱን ብርሃን ስሎ ሌየሮቹን ለይቶ ያስቀመጠው ደግሞ ፋይሉን ከፍቶ ከሌየሩ ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭኖ ብርሃኑን ደበቀ፣ ጥላውን አጠፋ፣ እንደገና ኤክስፖርት አደረገ። ሌየሮቹን ያዋሃደው፣ በመደቡ ላይ የተቃጠለውን ነጭ ለማንሣት መንገድ አልነበረውም። በንድፈ ሐሳብ ስሌቱን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ 174 ከሆነው 102 ቀንሶ ለ0.6 ማካፈል ነው። በተግባር ግን የብርሃኑ ኦፓሲቲ ከላይ ወደ ታች ስለሚለያይ፣ ነጩ ፊደልና የጥላው ጠርዝ እርስ በርስ ስለተቀላቀሉ፣ 255 ላይ የደረሰ ቻነልም ከየት እንደመጣ ስለማይናገር፣ ከመመለሱ እንደገና መሣሉ ይፈጥናል።

የጠፍጣፋውን ፋሽን ያመጣው ጥላቻ በመሠረቱ ለጌጥ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ለአንድ ወጥ ጌጥ ነበር። ሠሪው ያልመረጠው ብርሃን ከሺህ አይኮን በላይ ሲያርፍ ጌጥነቱ ያበቃል። በዚያው ዘመን ብርሃኑን አጥፍተው እያንዳንዱን ነጸብራቅ በቦታው የሣሉ ዲዛይነሮች የተዉልን ሥራ ግን ዛሬም ሲታይ አያሳፍርም።

ብርሃኑ ተመልሶ ሲመጣ

አንድሮይድ በ2017 በ8.0 እትሙ ያመጣው ተለዋዋጭ አይኮን ከዚህ ታሪክ የተማረ ይመስላል። ሠሪው የሚያስረክበው አንድ የተዋሃደ ሥዕል ሳይሆን እያንዳንዱ 108 በ108 ዲፒ (የአንድሮይድ የመጠን መለኪያ) የሆነ መደብና ሥዕል፣ ሁለት የተለዩ ሌየሮች ነው፤ በክብ ይሁን በካሬ የሚቆርጠው፣ ሲነካም መደቡንና ሥዕሉን ለየብቻ የሚያንቀሳቅሰው ስልኩ ነው።

አፕልም በሴፕቴምበር 2025 በወጣው አይኦኤስ 26 ወደ አንጸባራቂው ተመልሷል፤ የአሁኑ ሊኩዊድ ግላስ ይባላል። አይኮን ኮምፖዘር በተባለው መሣሪያ ዲዛይነሩ 1024 በ1024 በሆነ ሸራ ላይ መደቡንና እስከ አራት የሚደርሱ የሌየር ግሩፖችን ለየብቻ ያስገባል፤ የመስታወትነቱን መጠን፣ ጥላውን፣ የጠርዙን ነጸብራቅና ብሌንድ ሞዱን እዚያው ይመርጣል። የሚገባው ሥዕል ጥላና ብርሃን ያልተሣለበት፣ ጠፍጣፋ እንዲሆን ይጠበቃል። የመጨረሻው ሌየር ዛሬም የስልኩ ነው፤ ከ2008ቱ የሚለየው ስልኩ ከሥሩ ያለውን አንድ ድብልቅ ሳይሆን ፊደሉንና መደቡን ለይቶ ማወቁ ነው።

የእኛን «ቶ» በዚህ መሣሪያ ለማስገባት የተለየው ፋይል በቂ ነው። ነጩን ቅስትና የፊደሉን ጥላ እንደብቃቸዋለን፤ አረንጓዴውን መደብ እዚያው መሣሪያው ውስጥ በቀለም እንሞላለን፤ ፊደሉን በቬክተር አውጥተን ብቻውን ግሩፕ እንሰጠዋለን። ትኩረት የምትፈልገው አሁንም ቀለበቷ ናት። ስልኩ በየጠርዙ የሚያስኬደው ነጸብራቅ በቀለበቷ የውጭ ጠርዝና በቀዳዳዋ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ ቀለበቷ ቀጭን ከሆነች ሁለቱ መስመሮች ይገናኙና ቀዳዳዋ እንደገና ይደፈናል። ስለዚህ ቀዳዳዋን ከፊደሉ የኅትመት ቅርጽ ይልቅ ሰፋ ማድረግ፣ ወይም ለዚያ ግሩፕ ነጸብራቁን ማጥፋት ያስፈልጋል። ተጠቃሚው ጥርት ያለውን የመስታወት መልክ ሲመርጥ ደግሞ አረንጓዴው መደብ ጨርሶ ይጠፋል፤ አይኮኑን የሚያስታውቀው ቅርጹ ብቻ ይሆናል፤ ቅርጹንም ከ«ተ» የምትለየው ያቺው ቀለበት ናት።